ቺምፓንዚ ዝንጀሮ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ኡጋንዳው የክያምቡራ ሸለቆ ባወጣችሁት ጽሑፍ ቺምፓንዚን «ዝንጀሮ» ብላችሁ መጥራታችሁ ቅር አሰኝቶኛል። ዝንጀሮን እኛ የድሬዳዋ ሰዎች ጠንቅቀን እናውቀዋለን፤ ጅራት አለው። ቺምፓንዚ ግን ጅራት የለውም፤ ቦኖቦ ከሚባለው መሰሉ ጋር ለሰው ልጅ ከእንስሳት ሁሉ የቀረበው ዘመድ ነው።

ሸለቆው በንግሥት ኤልሳቤጥ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ 100 ሜትር ያህል ጠልቆ በመውረዱ ከላይ ሣራማ ሜዳ፣ ከታች ግን ወንዝ የሚያረሰርሰው ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። ከዓመታት በፊት ለሥራ ወደዚያ በሄድሁበት ጊዜ አብሬው የወረድሁት ጠባቂ ከእንስሳቱ በፊት ያሳየኝ ዛፍ ላይ የተሠራ የአዳር ጎጆ ነበር፤ ቅርንጫፎቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ተጠላልፈዋል፣ ቅጠሉም ገና አልጠወለገም። ቺምፓንዚ በየምሽቱ አዲስ መኝታ ስለሚሠራ፣ ያልደረቀ ቅጠል ባለቤቱ ሩቅ አለመሄዱን ይናገራል። ከሥሩ የተነከሰ የሾላ ፍሬ ወድቆ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ጩኸታቸው ገደሉን ሞላው።

ጽሑፋችሁ ያለፈው ዋና ነገር ግን ብቸኝነታቸው ነው። በዙሪያቸው ያለው ደን በመመናመኑ ከሌሎች መንጋዎች ተነጥለዋል፤ እናቲቱም የምትወልደው በአምስት ዓመት አንዴ ያህል በመሆኑ፣ የአንዷ ሞት በቀላሉ አይተካም። የሰው ጉንፋን ሳይቀር ሊገድላቸው ስለሚችል ጎብኚ ርቀቱን መጠበቅ አለበት።

ከሐረር ወዲያ በ1970 (እ.ኤ.አ.) የተከለለው የባቢሌ መጠለያ ዝሆኖችም እንዲሁ ከወገኖቻቸው ተነጥለው ስለሚኖሩ፣ ስያሜውን አርማችሁ ስለእነርሱም እንድትጽፉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ