እንጀራዬን ያስመለሰብኝ ሁለተኛ ውጤት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ፍኖተ ሰላም ውስጥ እንጀራ እየጋገርኩ ለሁለት ሆቴሎች አቀርባለሁ። ነሐሴ 2012 በምርመራው ዘመቻ ኮሮና ተገኘብኝ። ትኩሳቱም ሳሉም በሳምንት ለቀቀኝ። የጎዳኝ ማሽተት ማቃቴ ነው። እንጀራ ጋጋሪ ሊጡ መድረሱን የምታውቀው በአፍንጫዋ ነዋ! ቡና ሲቆላ ጭሱን አያለሁ፣ ሽታው የለም። ብቻ ድኜ ከማቆያ ወጣሁ፤ ሆቴሎቹም ተቀበሉኝ።

መስከረም መጨረሻ እናቴን ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ባሕር ዳር ወሰድኳት። አስታማሚም ትመርመር ተባለ። እሷ ነጻ፣ እኔ ፖዘቲቭ! ከመጀመሪያው ምርመራ 41ኛ ቀኔ ነበር። ከዳንኩ ወዲህ አንዴም አላሳለኝም። እናቴ ደግሞ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ነው የምትተኛው። ቀጠሮው ተሰረዘ። ወሬው በስልክ ቀድሞኝ አገሬ ገባ። በማግስቱ ልጄ የጋገረችው 80 እንጀራ ከአንዱ ሆቴል ከነመሶቡ ተመለሰ። አንዷ ጎረቤቴማ «ድሮም አልዳነች፤ ደብቃ ነው» አለች አሉ።

የእህቴ ልጅ ላቦራቶሪ ነው የሚሠራ። ደውዬ አለቀስኩበት። «አክስቴ፣ መሣሪያው የሚፈልገው የቫይረሱን ዘረ መል ነው። የሞተውን ስብርባሪም ካገኘ ፖዘቲቭ ይላል፤ ከዳንሽ ከሳምንታት በኋላም ሊገኝ ይችላል» አለኝ። ገባኝ። አውድማ ላይ ገለባ ያየ ሰው ጤፍ አለ ብሎ ቁና ይዞ አይመጣም።

ደቡብ ኮሪያ ውስጥ እንዲህ ዳግም ፖዘቲቭ የሆኑ 285 ሰዎችን አጥንተው ነበር አለኝ። ከእነሱ ጋር የተገናኙ 790 ሰዎችን ተከታትለው፣ ከእነሱ መያዙ የተረጋገጠ አንድም አላገኙም። የዓለም ጤና ድርጅትም በግንቦት 2012 መመሪያውን ቀይሯል። ምልክት የነበረበት ሰው ሕመሙ ከጀመረው 10 ቀን፣ በዚያ ላይ ያለ ምልክት ቢያንስ 3 ቀን ከቆየ ያለ ተጨማሪ ምርመራ ከማቆያ ሊወጣ ይችላል ብሎ ነበር።

ዳግመኛ የሚያዝ የለም አላልኩም። ሆንግ ኮንግ ውስጥ የ33 ዓመት ሰው ከአራት ወር ተኩል በኋላ እንደገና ተይዟል። ግን የሁለቱን ጊዜ ቫይረስ ዘረ መል አነጻጽረው፣ የተለያዩ መሆናቸውን አይተው ነው እንዲያ ያሉት። እኔን ማን አነጻጸረኝ? መቼ ታመምሽ፣ አሁንስ ምልክት አለሽ ወይ ያለኝ ሰው እንኳ የለም። ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ቃል ነው።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ታሞ የዳነ ሰው ሲመረመር፣ መጀመሪያ የተያዘበት ቀን ከውጤቱ ጎን ይጻፍለት። ትርጉሙንም ሐኪም ይንገረው፣ ጎረቤት ከሚነግረው።

ደብዳቤዬን ካወጣችሁልኝ ጋዜጣውን ለሆቴሉ ባለቤት እወስድለታለሁ። ያን 80 እንጀራ ግን ድርቆሽ አድርጌዋለሁ፤ እሱን አላቀምሰውም።

እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ከፍኖተ ሰላም
ጥቅምት 2013