ችግኝ ስትገዙ «የት አደገ?» ብላችሁ ጠይቁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚያወርደው መንገድ፣ ከግንፍሌ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ የአበባና የአጥር ችግኝ አፍልቼ የምሸጥ ሴት ነኝ። ሥራውን ከያዝኩ 19 ዓመት ሆነኝ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ደንበኛዬ በፌስታል ይዞልኝ የመጣው የደረቀ ክሮቶን ነው። ካዛንቺስ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ይንከባከባል። ተክሉ በመስከረም ሲተከል ቢጫና ቀይ ቅጠሉ ከሩቅ ዓይን የሚስብ ነበር አለኝ። እኔ ጋ ሲደርስ ጫፉ ላይ ሦስት ቅጠል ብቻ ቀርቶታል። ግንዱን በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው አረንጓዴ መሆን የነበረበት ሽፋን ቡናማ ሆኗል።

«እትዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ውሃ አላጓደልኩበትም» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። 200 ችግኝ ነበር የተተከለው፤ ለጠፋው የሚጠየቀውም እሱ ነው።

እውነቱን ነው፣ ውሃ አላጓደለም። ችግኙን የሸጠላቸው ሰው ከቆላ ጭኖ ያመጣው ነበር። ክሮቶን ሙቀት የለመደ ተክል ነው። በእኛ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቅጠሉን ያራግፋል። በዚያ ላይ በመስከረም ተተክሎ ሥር ሳይሰድ ብርዱ ደረሰበት። ገዢው ያኔ «ይህ ችግኝ የት አደገ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ወይም ሻጩ ራሱ ቢነግረው ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር።

የመሃል አዲስ አበባ ከፍታ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው። አዳማ 1,600፣ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ናቸው። 1,000 ሜትር ሽቅብ በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። እንግዲህ ከድሬዳዋ በአንድ ሌሊት ተጭኖ አራት ኪሎ የሚራገፍ ችግኝ ምን እንደሚደርስበት አስቡት። አባቶቻችን ይህን ያለ ቴርሞሜትር ለይተው ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው ስም አውጥተውለታል። ወይና ደጋ የሚባለው ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ድረስ ያለው ነው፣ ደጋ ከዚያ ይቀጥላል። ከተማችን የተቀመጠችው በሁለቱ ድንበር ላይ ነው። ከአቃቂ ተነስቶ እንጦጦ የወጣ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻግሯል። ጤፍና ገብስ ሲዘራ ይህን የማይጠይቅ ገበሬ የለም። ለአበባ ሲሆን ግን ቀለሙን አይተን ብቻ ብር እንቆጥራለን።

ወጣቶቹ ደንበኞቼ ደግሞ ስልካቸውን እያሳዩ «ይሄ እኮ ዞን 10 ላይ ይበቅላል ይላል» ይሉኛል። ዞን የሚባለውን ቁጥር ያወጣው የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ነው፤ አገሩን በዓመቱ እጅግ በቀዘቀዘው ሌሊት አማካይ ልክ 13 ቦታ ከፍሎታል። ቁጥሩ የሚነግረን ተክሉ ክረምታቸውን ችሎ ማደር አለማደሩን ብቻ ነው። እነሱ ከብርዱ በኋላ ለወራት የሚዘልቅ ኃይለኛ የበጋ ሙቀት አላቸው። እኛ ያ ሙቀት የለንም፤ ቀኑ ለስላሳ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ሆኖ ነው ዓመቱ የሚያልቀው። ስለዚህ በቁጥሩ «ይበቅላል» የተባለው ተክል እዚህ ባይሞትም ባለበት ቆሞ ይቀራል። ጠንካራ ብርድ ካልቀመሰ የማያብበው ላይላክ እንደሚባለው የፈረንጅ አበባ ያለውም እኛ ጋ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይከርማል።

ቡገንቪሊያ ጥሩ ማሳያ ነው። አዳማ የሄደ ሰው አጥሩን ሁሉ አልብሶ ያየዋል፤ እዚህም ይፈልገዋል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «ግድግዳችሁ ወደየት ይዞራል?» ብዬ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው የድንጋይ ግድግዳ ካላቸው ድንጋዩ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ስለሚያካፍለው አምሮ ይወጣል። በፎቅ ጥላ ሥር ከተተከለ ግን አረንጓዴ እሾህ ነው የሚሆነው። አበባ የምንለው ቀዩ ራሱ ቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ መሃሉ ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ናት። ያን ቅጠል የሚያቀላው ፀሐይ ነው።

ብርድ ብቻም አይደለም። የጥብስ ቅጠል የምንለው ሮዝመሪ የመጣው ከሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ነው፤ እዚያ ሙቀቱ ሲበረታ ዝናብ የለም። የእኛ ሐምሌና ነሐሴ ግን ውሃ በውሃ ነው። ከዓመታት በፊት ውሃ የሚቋጥር ጥቁር መረሬ አፈር ባለበት ግቢ 60 ሮዝመሪ በሰኔ ተክዬ ጳጉሜን ላይ ከግማሽ በላይ ሞቶ አገኘሁት። ነቅዬ ሳየው ሥሩ ጠቁሮ፣ ሽታው የረግረግ ሽታ ሆኖ ነበር። የባለቤቱን ገንዘብ መልሻለሁ። ከዚያ ወዲህ መደቡን አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ፣ ሬዳሽ የሚባለውን ቀዩን ጠጠር ቀላቅዬ፣ ዝናቡ ሲቀል ነው የምተክለው። እንደዚያ የተከልኩት እስካሁን ንብ ይመላለስበታል።

መሬት የሚያለብስ ተክል ለሚፈልግ ግን መልሴ ጦስኝ ነው። ከ7 ዓመት በፊት ለለቅሶ ወደ ሰሜን ሸዋ ሄጄ ስመለስ ከጣርማበር አንድ ጭብጥ ነቅዬ፣ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልዬ አመጣሁ። ጦስኝ ከ2,200 ሜትር በላይ ባለው ደጋችን የኖረ የራሳችን ተክል ነው፤ ብርዱ ቤቱ ነው። ግንዱ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ አፈር በነካበት ላይ ነጫጭ ሥር ያወጣል። እኔ ያንን ከላዩ እፍኝ አፈር እጨምርበትና በሁለተኛው ወር ቆርጬ ሌላ ቦታ እተክላለሁ። ያ አንድ ጭብጥ ዛሬ የመደቤን ጠርዝ በሙሉ ሸፍኖታል። በበጋ በሳምንት አንድ ጊዜ ውሃ ይበቃዋል። ሰው ጫማው ሲነካው ሽታው ያቆመዋል። ጥላና ውሃ የሚቋጥር ቦታ ግን አይስማማውም።

ቁጥቋጦ ከሆነ ደግሞ ቢጫ አበባ ያለው አሜጃ አለ፣ ነጭ የምታብበው ቀጋ አለች፣ ለአጥር ኮሽም አለ፤ ክትክታም ድርቅ ይችላል። «ይሄማ የገጠር ጫካ ነው» ብለው ጥለውኝ የሚሄዱ ብዙ ናቸው፤ ይህን መስማት ያመኛል። እነዚህ ተክሎች እኮ የዚህን ከፍታ ብርድና ክረምት ከእኛ በፊት የለመዱት ናቸው። ማመን ያቃተው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ሄዶ የደጋ ተክል እንዴት እንደሚያምር በዓይኑ ይይ። እኔ የማልሸጠው የወፍ ቆሎን ነው። አበባው ያምራል፣ እንክብካቤም አይፈልግም። ነገር ግን ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ የመጣ መጤ ነው፤ ፍሬውን ወፍ በልታ በየቦታው ትዘራዋለች፤ ከብት ከበላው ይመርዘዋል። በምሥራቅ ሐረርጌ የግጦሽ መሬት የወረረውን ተክል በገዛ እጄ ግንፍሌ ዳር አላፈላም።

በጋዜጣችሁ በኩል የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ችግኝ የምትሸጡ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በላስቲኩ ላይ ያደገበትን ከተማ በማርከር ጻፉበት፤ እኔ ከዘንድሮ ጀምሬያለሁ። ከቆላ የመጣ ከሆነም ቢያንስ ሦስትና አራት ሳምንት እዚሁ በከፊል ጥላ አቆይታችሁ አየሩን አለማምዱት። ዝግጅት ክፍሉም ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ፣ ሰው ጉድጓድ መቆፈር ሳይጀምር፣ ለከተማችን ከፍታ የሚስማማውን ተክል የሚያስተዋውቅ ትንሽ ዓምድ ቢከፍት የዚያ ግቢ ጠባቂ ዓይነት ብዙ ሰው ይድናል።

እሱን ልጅ በሰኔ እንዲመጣ ቀጥሬዋለሁ። በክሮቶኑ ቦታ ጦስኝና አሜጃ እንተክላለን፤ ለጦስኙ ገንዘብ አልቀበልም። ከየትኛውም ትምህርት ቤት የሚላክ ተማሪም እርጥብ ጋዜጣ ይዞ ይምጣ፣ ከመደቤ ጠርዝ ቆርጬ እሰጠዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ችግኝ ሻጯ፣ ከግንፍሌ፣ አዲስ አበባ