ዋጋችሁንና የምትከፍሉበትን ቀን ንገሩን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ተቀምጬ በጽሑፍ የማድር ሰው ነኝ። ቅጥር የለኝም፣ የመጣውን እሠራለሁ። የኤንጂኦ ሪፖርት፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ብሮሹር፣ ትርጉም፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆች የመመረቂያ ጽሑፍ እርማት፣ አንዳንዴም የጋዜጣና የመጽሔት ጽሑፍ። ይህን ሥራ የያዝን ደሴም ኮምቦልቻም ጥቂት አይደለንም፣ እርስ በርስ እንተዋወቃለን።

ሐምሌ ገብቷል። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል፣ ሥራውም ቀዝቅዟል። ሒሳብ ለመተሳሰብ ከዚህ የተሻለ ወር የለም። ታዲያ ቡና ላይ ስንገናኝ የምሰማው ሁሌ አንድ ነው፦ «ዘንድሮ በወር ይህን ያህል ብር ሳላገኝ አልቀርም፣ ለከርሞ እጥፍ አደርገዋለሁ።» ምኞቱ ደግ ነው። ግን ብሩን ብቻ ይዞ እቅድ ማውጣት አያዋጣም ባይ ነኝ።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ደብተር እዘረጋለሁ፣ ስልኬን አጠገቤ አስቀምጣለሁ። ከባንክና ከቴሌብር የመጡትን መልእክቶች ከሐምሌ እስከ ሰኔ አንድ በአንድ እያየሁ ማን እንደከፈለ፣ ለምን እንደከፈለ፣ ስንት እንደከፈለ እጽፋለሁ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ጎን ሁለት ቀን አሰፍራለሁ፦ ሥራውን ያስረከብኩበትንና ብሩ የገባበትን። ዋናው ነገር ያለው እነዚህ ሁለት ቀኖች መሀል ነው። አንድ ሪፖርት 6,000 ብር ይከፈልበታል እንበል። ሁለት ሳምንት ይፈጃል፣ «ትንሽ ነገር አስተካክል» እየተባለ ሦስቴ ይመለሳል፣ ብሩ የሚገባው ከስንት ወር በኋላ ነው። 2,500 ብር የሚከፈልበት ትርጉም ግን በሁለት ቀን አልቆ በዚያው ሳምንት ይከፈላል። አፍ ላይ ትልቁ የመጀመሪያው ነው፣ የቤት ኪራይ የሚከፍለው ግን ሁለተኛው ነው። አንድ ስሙን የማልጠራው ድርጅት አለ፣ ሥራውን ወስዶ ከስምንት ወር በላይ አቆይቶኛል። ስደውል «ፋይናንስ ነው የያዘው»፣ ቢሯቸው ስሄድ «የሚፈርመው ሰው መስክ ወጥቷል»። ዋጋውማ ጥሩ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። የእቃውን ዋጋ እናንተም ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ከዚያ በፊት የነበረን ዓመት ከዛሬው ጋር በብር ማወዳደር ሰውን ያሳስታል። ብሩ ጨምሮ ኑሮው ሊቀንስ ይችላል። እኔ የዓመት ገቢዬን ስንት ኩንታል ጤፍ ይገዛ ነበር ብዬ ነው የማሰላው። ይህን ያደረገ ሰው የገጽ ዋጋ ለምን መጨመር እንዳለበት ለደንበኛው ለማስረዳት አይቸገርም።

ሥራው ወቅት አለው፣ እቅዱም ወቅቱን መከተል አለበት። የመመረቂያ ጽሑፍ እርማት ግንቦትና ሰኔ ላይ ይጎርፋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ስለዚህ የክፍያ ጥያቄህን እስከ ግንቦት ካላስገባህ «ለአዲሱ በጀት ዓመት ተሻግሯል» ትባላለህ። አዲስ ደንበኛ መፈለግ ደግሞ ሰው ከክረምት ሲመለስ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ለጀማሪዎቹ ልጆች አንድ ነገር ልጨምር፦ ቲን ቁጥር (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) አውጡ። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ቲኑን ያላቀረበ ሰው ከክፍያው 30 በመቶ ሊቆረጥበት ይችላል። ቲን ኖሯችሁ ቅድመ ግብር ሲቆረጥባችሁም ደረሰኙን ሳትቀበሉ አትውጡ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ከግብራችሁ ላይ ይታሰብላችኋል።

የ2014ን ጥቅምትና ኅዳርም አንርሳ። ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ባንክ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። ያኔ ደንበኞቹ በሙሉ ደሴ ውስጥ የነበሩ ጸሐፊ ከተማው ከተከፈተ በኋላም ለወራት ሥራ አላገኘም። አዲስ አበባ ወይ ባሕር ዳር ደንበኛ የነበረው ቶሎ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የማስቀድማቸው ሁለት ግቦች አሉኝ፦ ከከተማ ውጭ ያለ ደንበኛ መጨመር፣ የሦስት ወር ቀለብና ኪራይ በእቁብም ቢሆን ማስቀመጥ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

ይህን ሁሉ እቅድ ብናወጣ የሚከፍለን ወገን መቼ እንደሚከፍል ካልነገረን ምን ዋጋ አለው? ጋዜጣና መጽሔት ላይ «ጽሑፎቻችሁን ላኩልን» የሚል ማስታወቂያ አያለሁ። ስንት እንደምትከፍሉ የለበትም። መቼ እንደምትከፍሉም የለበትም። በር የሚሠራ አናጢ ቀብድ ሳይቀበል እንጨት አይገዛም፣ ማንም ደግሞ በዚህ አይቀየመውም። ጸሐፊ ስለ ብር ሲጠይቅ ግን ፊት ይጠቁርበታል። እኔ ራሴ እንዴት ነው ይህ የሆነው ብዬ አዝናለሁ፣ ምክንያቱም ጎበዝ ጎበዝ ልጆች በዚህ የተነሳ ብዕራቸውን አስቀምጠው ሌላ ሥራ ሲገቡ አይቻለሁ።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። ለአንድ ሙሉ ገጽ ይህን ያህል፣ ለግማሽ ገጽ ይህን ያህል፣ ጽሑፉ በወጣ በዚህን ያህል ቀን ውስጥ ብላችሁ እዚያው ማስታወቂያው ላይ አትሙት። ብዙ ቀን ለሚፈጅ፣ መንገድ ላለው ሥራ የትራንስፖርቱን ያህል እንኳ ቀብድ ስጡ። የማትከፍሉ ከሆነም «አንከፍልም» በሉ፣ በነፃ መስጠት የሚፈልግ ሰው አውቆ ይሰጣል። ዋጋው ትንሽ ቢሆን እንኳ ቀኑ የታወቀ ከሆነ እኔ ደብተሬ ላይ አስገብቼ ዓመቴን ላቅድበት እችላለሁ። ቀኑ ያልታወቀ ትልቅ ብር ግን እቅድ ውስጥ አይገባም።

እኔ ለዚህ ዓመት ወስኛለሁ፦ የክፍያ ቀን ያልተጻፈበት ሥራ አልቀበልም፣ ከማንም ይምጣ። እዚሁ ደሴ ስላለው የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ፣ ስለ አይጠየፍ፣ የጀመርኩት ጽሑፍ አለ፣ ለእናንተ አንባቢ የሚሆን ይመስለኛል። ዋጋውንና ቀኑን ከነገራችሁኝ ጨርሼ እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከደሴ