ልጁን ማን ቀጠረው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው እትማችሁ የፊልም አምድ ላይ «አሳድ» ስለተባለው አጭር ፊልም የወጣውን አስተያየት አነበብኩት። ጸሐፊው ፊልሙን «ለባሕር ላይ ወንበዴ የሚያዝን» ብለውታል። ከ20 ደቂቃ በታች ስለሆነ ሁለት ጊዜ ደግሜ አየሁት። እኔ ያየሁት ዓሣ እንቢ ያለው፣ ወንበዴነትም የሚጎትተው፣ እንጀራ ፍለጋ ላይ ያለ አንድ የሶማሌ ልጅ ነው።

ለወንበዴ የማዝንበት ምክንያት የለኝም። በ2003 ዓ.ም. ጅቡቲ ወደብ ላይ ትራንዚተር ነበርኩ። በኤደን ባሕረ ሰላጤ አልፈው የሚመጡት መርከቦች ወገባቸውን በሾህ ሽቦ ተጠምጥመው ነበር የሚገቡት። አንዷ ላይ ቱታ የለበሰ፣ ቆብ የደፋ ሰውዬ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ጠዋት አየሁት፣ ከሰዓት ተመልሼ ስሄድም እዚያው ነው። ለካስ ጨርቅ የተጠቀጠቀበት አሻንጉሊት ኖሯል፣ ከሩቅ ዘበኛ እንዲመስል! ሐረርጌ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዤ ማሽላ ስጠብቅ ያደግኩ ነኝና ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። በወንበዴ ፍራቻ የመጣው የኢንሹራንስ ጭማሪ ሲሰማ ግን ሳቁም ቀረ።

ልጁን ግን ከዚህ ለይቼ ነው የማየው። እ.ኤ.አ. በ1991 የሶማሊያ መንግሥት ሲፈርስ ባሕሩ ባለቤት አጣ፤ የውጭ መርከቦች እየገቡ ዓሣውን ጋጡት። የፊተኞቹ ዘራፊዎች ራሳቸውን የባሕር ጠባቂ ነን ይሉ ነበር። ሰበቡ እውነት ነበረው፤ ኋላ ንግድ ሆነ። የዓለም ባንክ፣ የተባበሩት መንግሥታትና ኢንተርፖል እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት ጥናት እንደሚለው ከ2005 እስከ 2012 ከ339 እስከ 413 ሚሊዮን ዶላር ማስለቀቂያ ተከፍሏል። ከ30 እስከ 50 በመቶው የሄደው ገንዘቡን ላዋጡት፣ ጀልባ ላይ እግራቸውን ላላነሱት ሰዎች ነው። ነፍሱን ሸጦ ባሕር የወጣው ከ30 ሺህ እስከ 75 ሺህ ዶላር ይደርሰው ነበር፤ ከዚያችም ላይ የታገተችውን መርከብ ሲጠብቅ በዱቤ የቃመው ጫት በውድ ሒሳብ ይቆረጥበት ነበር። የጫት ዱቤ ምን እንደሆነ ለእናንተ አንባቢ አላስረዳም።

ጸሐፊው መውቀስ ካማራቸው ሌላ ነገር ነበረ። ፊልሙ ታግተው ወራት ስለሚቆጥሩት መርከበኞች እምብዛም አይነግረንም። የ«አይስበርግ 1» መርከብ ሠራተኞች እኮ ከመጋቢት 2010 እስከ ታኅሣሥ 2012 ድረስ ነው የተያዙት፤ ይህም እ.ኤ.አ. ነው።

ደግሞ ፊልሙ የተቀረጸው ደቡብ አፍሪካ ነው። በዋናነት የተወኑት ሁለት ወንድማማቾች እዚያው በስደት የሚኖሩ ሶማሌዎች ሲሆኑ፣ ሲመረጡ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2013 ለኦስካር ሲታጭ አምዳችሁ ይህን ቢጽፍልን ምን ነበረበት?

ባንግላዴሻዊቷ መርከብ «አብዱላህ» እ.ኤ.አ. መጋቢት 2024 ከተጠለፈች ወዲህ ወሬው እንደገና ተነሥቷል። በሚቀጥለው ስትዘግቡ ጀልባውን፣ ቤንዚኑንና ጫቱን ያበደረው ማን እንደሆነም ጠይቁልን።

የቀድሞ ትራንዚተር
ከድሬዳዋ