የሶፍትዌር ርክክብ ከባዶ ኮምፒውተር ይጀምር

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ክቡር አዘጋጅ፤

ስለ መሥሪያ ቤቶች ዲጂታል አገልግሎት በጋዜጣችሁ የሚወጡትን ጽሑፎች እከታተላለሁ። ስለ ኔትወርክ መቆራረጥና «ሲስተም የለም» እየተባለ ስለሚመለሰው ባለጉዳይ ብዙ ተጽፏል፤ ሲስተሙ ቢጠፋ ግን ማን፣ ከምን ተነሥቶ እንደገና ሊያቆመው እንደሚችል ሲነሣ አላየሁም። እኔ የምተዳደረው ስሞልቶክ በተባለ የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራም በመጻፍ ስለሆነ ጉዳዩን በማውቀው በኩል አቀርባለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ቋንቋ የሚጽፈው ስንት ሰው ነው ብሎ ፈገግ የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ያሉትን ቢሮዎች ቢያስስ ከጥቂት ሰዎች በላይ አያገኝም። ይሁን እንጂ ጥቂት በመሆናችን፣ ከመካከላችን አንዱ ሥራ ወይም አገር በለቀቀ ቁጥር ትቶት የሄደው ሥራ በሌላ ሰው እጅ መቆም መቻል አለመቻሉ ከሌሎች ይልቅ ያሳስበናል።

ስሞልቶክ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ ፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል በአለን ኬይ፣ በዳን ኢንጋልስ፣ በአዴል ጎልድበርግና በባልደረቦቻቸው ተሠራ። እኛ የምንጠቀምበት ፋሮ የሚባለው ዝርያ ደግሞ በ2008 እ.ኤ.አ. ስኩዊክ ከተባለው ተገንጥሎ የወጣ፣ በነፃ የሚገኝ ነው። ከተለመዱት ቋንቋዎች የሚለየው ክላሶቹም (ፕሮግራሙ የሚዋቀርባቸው ንድፎች)፣ ሜተዶቹም (በክላሶቹ ላይ የሚጻፉት የሥራ ትእዛዞች)፣ በሥራ ላይ ያሉት ዳታዎችም፣ የተከፈቱት መስኮቶችም ሳይቀሩ ኢሜጅ በሚባል አንድ ፋይል ውስጥ እንዳሉ መቀመጣቸው ነው። ማታ ሴቭ አድርጎ የወጣ ሰው ጠዋት ሲገባ ሥራውን ያቆመበት ቦታ ላይ ያገኘዋል። የተለወጠ ኮድ ሁሉ ቼንጅስ በሚባለው አጃቢ ፋይል ላይ ወዲያው ስለሚመዘገብም፣ መብራት ድንገት ጠፍቶ ዩፒኤሱም ቢከዳ ሴቭ ያልተደረገው ኮድ ከዚያ ይገኛል። እንደኛ መብራት በሚያስቸግርበት ከተማ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩም የሚመነጨው ከዚሁ ምቾት ነው። ኢሜጁ እንደ ቤት እርሾ የዛሬው ከትናንቱ፣ የትናንቱ ከአምናው እየተቀጠለ ይመጣል እንጂ መጀመሪያ በምን እንደተነሣ የሚያስታውስ አይኖርም። ፕሮግራመሩ ለሙከራ ብሎ የፈጠረው ክላስ፣ አንድ ቀን በእጁ ያስኬደው ትእዛዝ፣ ሰርዞትም ጥገኛ ኮዱ ያልተሰረዘለት ነገር ሁሉ ውስጡ ይከማቻል። ፋሮ ራሱ እንኳ ከዚህ አላመለጠም ነበር፤ ኢሜጁ በስኩዊክና በአፕል በኩል ወደ ኋላ ቢቆጠር የዘር ሐረጉ ከዜሮክሱ ስሞልቶክ-80 ይደርስ ነበርና። ሠሪዎቹ ግን በ2019 እ.ኤ.አ. ከወጣው ሰባተኛ ዕትም ጀምሮ መላውን ኢሜጅ ከሶርስ ኮድ፣ ማለትም ፕሮግራመሩ ከጻፈው ጽሑፍ፣ ተነሥተው መገንባት ጀመሩ። ቋንቋውን የሚሠሩት ሰዎች ይህን ሥራ አስፈላጊ ካሉት፣ በቋንቋው የኪራይ መሰብሰቢያ ሠርተን የምንሸጥ ሰዎች የምናመካኝበት አይኖረንም።

ፒያሳ አካባቢ በ2016 ዓ.ም. በልማት ምክንያት ሲነሣ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ሌላ ሠፈር ከተዛወሩት ቢሮዎች መካከል አንዱ፣ ስሙን አልጠቅስም፣ በጉዞው ላይ የሰርቨሩ ሃርድ ዲስክ ተበላሸበት። ሲስተሙን የሠራው ባለሙያ ከአገር ወጥቷል። በእጃቸው የቀረው በፍላሽ የተቀመጠ፣ ስሙ ላይ «የመጨረሻው» የሚል የተጨመረበት አሮጌ ኢሜጅና ሞንቲሴሎ በተባለው የፋሮ የኮድ ማስቀመጫ መሣሪያ የተቀመጡ የፓኬጅ (አብረው የሚሄዱ ክላሶችና ሜተዶች ጥቅል) ፋይሎች ነበሩ። ኢሜጁ ያለ አጃቢው የቼንጅስ ፋይል ተገልብጦ ስለነበር የብዙ ሜተዶች ኮድ እንደተጻፈ ሊነበብ አልቻለም። እንድረዳቸው ተጠርቼ ፓኬጆቹን በንጹሕ ፋሮ ላይ ስጭናቸው ያለ ችግር ገቡ፤ የመጀመሪያው ደረሰኝ ሊታተም ሲል ግን ዴት የተባለው የቀን ክላስ «ይህን መልእክት አላውቀውም» ብሎ ቆመ።

ምክንያቱን ለማያውቀው አንባቢ ላስረዳ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነውና። በስሞልቶክ ማንም ፕሮግራመር ሌላ ሰው በሠራው ክላስ ላይ፣ የቋንቋው አካል በሆነው ላይ ጭምር፣ የራሱን ሜተድ መጨመር ይችላል። ባለሙያው የፈረንጁን ቀን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚለውጥ ሜተድ ዴት ላይ ጨምሯል፤ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ኮዱም እንደሚባለው ጥሩ ነበር። በሞንቲሴሎ ደንብ ግን እንዲህ ያለው ተጨማሪ ሜተድ የእኔ ፓኬጅ አካል ነው እንዲባል፣ የሚመደብበት ክፍል ስም በኮከብ ምልክትና በፓኬጁ ስም መጀመር አለበት። ኮከቡ ከተረሳ ሜተዱ የዴት ባለቤት የሆነው የፋሮ ፓኬጅ ንብረት ተደርጎ ይቆጠራል፤ ባለሙያው የራሱን ፓኬጅ ባስቀመጠ ቁጥር ያ ሜተድ አብሮ አይቀመጥም። በቢሮው ኢሜጅ ውስጥ ስላለ ግን ሲስተሙ ያለ እንከን ይሠራል፤ አንድ የኮከብ ምልክት መጉደሉንም የሚያይ ሰው አይገኝም።

ያን ጉድለት በተፈጠረበት ዕለት ሊያጋልጥ የሚችለው አስተማማኝ ነገር በየጊዜው ከባዶ መገንባት ነው። አሠራሩ የተወሳሰበ አይደለም። ኮዱ የለውጦችን ታሪክ በሚመዘግበው በጊት ይቀመጣል፤ ፋሮ አይስበርግ በተባለው መሣሪያው በኩል እያንዳንዱን ክላስ ቶኔል በሚባለው አጻጻፍ በየራሱ የጽሑፍ ፋይል ስለሚያወጣው፣ ማን ምን እንደለወጠ መስመር በመስመር ይነበባል። ቤዝላይን የሚባል አንድ ክላስ ደግሞ ሥራው ከየትኞቹ ፓኬጆች እንደተዋቀረ፣ የትኛው በየትኛው ላይ እንደሚደገፍና ከውጭ የሚመጡት ከየት እንደሚወሰዱ ይናገራል፤ ሜታሴሎ የተባለው መጫኛ መሣሪያ እሱን አንብቦ ሁሉንም በቅደም ተከተል ይጭናል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ንጹሕ ኢሜጅ አውርዶ፣ መስኮት ሳይከፍት ቤዝላይኑን የሚጭን፣ ቴስቶቹን (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹትን አጫጭር ፕሮግራሞች) የሚያስኬድና ሁሉም ካለፉ ብቻ ውጤቱን በቁጥሩ ሴቭ የሚያደርግ አጭር ስክሪፕት ነው። ስሞልቶክሲአይ የተባለው በነፃ የሚገኝ መሣሪያ ይህንኑ ጊትሃብ በተባለው የኢንተርኔት የኮድ ማከማቻ ላይ ይሠራል፤ በራሱ ሰርቨር ላይ መሥራት የሚፈልግም ጄንኪንስ የተባለው የግንባታ መሣሪያ ይበቃዋል። ኮድ በተላከ ቁጥር ግንባታው በራሱ ይነሣል፤ የሰው ትጋት ወይም ትዝታ አይጠይቅም። የተረሳው ኮከብ በዚያው ዕለት በቀይ የስሕተት ምልክት በወጣ ነበር።

እርግጥ ቴስት የሌለው ግንባታ የሚያረጋግጠው ኮዱ መጫኑን ብቻ ነው። ለእኛ አገር ሥራ የሚጻፉት ቴስቶች ከውጭ ተገልብጠው የሚመጡ አይደሉም። ዘመነ ሉቃስ የነበረው 2015 ጳጉሜን 6 ቀን ነበራት፤ ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት እንቁጣጣሽ ግን ወደ ሴፕቴምበር 11 ተመልሷል። ውዝፍና ቅጣት የሚያሰላ ፕሮግራም ይህችን አንዲት ቀን ከሳተ የሚሟገተው ከተከራዩ ጋር ነው። እነዚህን ሁለት ቀኖች ኤስዩኒት በተባለው የስሞልቶክ መፈተሻ መሣሪያ ቴስት አድርጎ መጻፍ የጥቂት መስመሮች ሥራ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተጻፉም በየግንባታው ይፈተሻሉ። በነገራችን ላይ ዛሬ በየቋንቋው የሚሠራበት የቴስት አጻጻፍ ልማድ በሰፊው የተስፋፋው ኬንት ቤክ ለስሞልቶክ ከጻፈው ከዚሁ ኤስዩኒት ተነሥቶ ነው፤ ስሞልቶክ ለሌሎች ያበረከተውን ራሱ ሳይጠቀምበት ሲቀር ይቆጨኛል።

ኮዱን ጊት ላይ አስቀምጠናልና ጨርሰናል የሚሉ የሙያ ጓደኞቼም አሉ። ቤዝላይናቸው ከውጭ የሚመጡትን ፓኬጆች «የቅርብ ጊዜውን አምጣ» ብሎ የሚጠራ ከሆነ፣ የዛሬው ግንባታና የከርሞው ግንባታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የተወሰነ ዕትም በቁጥሩ መጠራት አለበት። ደግሞም በሰኔ 2012 ማብቂያ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ፣ ፓኬጆቹን በየግንባታው ከውጭ አገር ሰርቨር የሚጎትት አሠራር ምን ያህል እንደሚያስኬድ ሁላችንም አይተናል። የውጭ ማከማቻዎችም ዘላለማዊ አይደሉም፤ የፋሮ ሰዎች ኮዳቸውን ያስቀምጡበት የነበረው ስሞልቶክሃብ ዛሬ ማኅደር ብቻ ሆኗል። ስለዚህ የሚያስፈልጉት ፓኬጆች፣ ንጹሑ ኢሜጅና ኢሜጁን የሚያስኬደው ቨርችዋል ማሽን ጭምር በቢሮው በራሱ ሰርቨር ላይ ቅጂ እንዲኖራቸው ያስፈልጋል።

የሕግም ጉዳይ አለበት። ኢሜጅ ከኮዱ ጋር ሴቭ በተደረገበት ሰዓት የነበረውን ዳታም ይሸከማል። አንድ ቢሮ «ስሕተቱን እይልን» ብሎ የሥራ ኢሜጁን በቴሌግራም ሲልክ የተከራዮችን ስምና ስልክ አብሮ እየላከ ሊሆን ይችላል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ በቸልታ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ከፓኬጅ የተገነባ ኢሜጅ ግን የማንንም ስም ሳይዝ ይወለዳል፤ ስሕተቱም በእሱ ላይ ይፈተሻል።

አሁን ያለው የርክክብ ልማድ ከዚህ ሁሉ የራቀ ነው። ሰኔ ላይ በጀት ሳይዘጋ ይድረስ ተብሎ ኮሚቴ ይሰበሰባል፤ አቅራቢው በራሱ ላፕቶፕ ላይ ሲስተሙን ከፍቶ ያሳያል፤ ሁለት ሦስት ቅጽ ይሞላል፤ ሪፖርት ያትማል፤ ፍላሽ ወይም ሲዲ ያስረክባል፤ ቃለ ጉባኤ ይፈረማል፤ ክፍያ ይለቀቃል። ያ ላፕቶፕ ላይ የታየው ነገር ፍላሹ ላይ ስለመኖሩ ኮሚቴው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። አቅራቢዎችን በማታለል አልከስም፤ አብዛኞቹ ራሳቸውም አያውቁትም።

ስለዚህ የግዥ ክፍሎችና የአይቲ ኃላፊዎች በውሎቻቸው ላይ አንድ አንቀጽ እንዲጨምሩ እጠይቃለሁ። በርክክቡ ዕለት ምንም ያልተጫነበትን ኮምፒውተር የሚያቀርበው ተረካቢው ይሁን፤ አቅራቢው የኮድ ማከማቻውን አስረክቦ አንድ ትእዛዝ ብቻ ይጻፍ፤ ግንባታው በኮሚቴው ፊት ይካሄድ፤ የቴስቶቹ ውጤት ታትሞ ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዝ፤ የመጨረሻውም ክፍያ እስከዚያ ይያዝ። ከዚያ በኋላም ቢያንስ በየሩብ ዓመቱ ከአቅራቢው ውጭ የሆነ ሰው ግንባታውን ይድገመው። ተጨማሪ ወጪ ይጠይቃል ለሚሉ፣ ከላይ የጠቀስኩት ቢሮ ሲስተሙ እስኪመለስለት ድረስ ደረሰኝ በእጅ ሲጽፍ መክረሙን አስታውሳለሁ። እናንተም ስለ አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ሲስተም ዜና ስትሠሩ፣ ከምርቃቱ ፎቶግራፍ ጋር «ከባዶ ተገንብቶ ታይቷል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ለኃላፊው ብታቀርቡልን መልሱን ለማንበብ የምንጓጓ ብዙዎች ነን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ