ጄሪ ጆንስ አይደለሁም

ዳላስ፣ ጥቅምት 2018

ውድ ወንድሜ ሰይድ፣

ሰላምታውን ላሳጥረው። እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። እናንተም ደህና መሆናችሁን ዘሃራ ነግራኛለች። አንተ ግን ስልኬን ማንሳት ካቆምክ ሰነበትክ። የላክሁት ገንዘብ ከባንክ መውጣቱን አውቄአለሁ፤ "ደረሰ" የምትል አንዲት ቃል ግን ከአንተ አልመጣችም። ስልክ ባታነሳ ደብዳቤ ሳታነብ አትጥልም ብዬ ነው የምጽፈው።

በመጨረሻ ስንነጋገር ያልከኝ ነገር ከሆዴ አልወጣም። "አንተ እኮ ጄሪ ጆንስ ሆነሃል!" አልከኝ። የሰውየውን ነገር ያወራሁልህ እንድትስቅ ነበር፤ መልሰህ እኔን ትወጋበታለህ ብዬ አልነበረም።

ያኔ ቸኩዬ ስለነበር አሁን በደንብ ልንገርህ። በምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ሌሊቱን አብረውኝ የሚያድሩት ሁሉ ዳላስ ካውቦይስ የሚባለው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ደጋፊዎች ናቸው። ኳሷ እንደኛዋ ክብ አይደለችም፣ ጨዋታውም በአብዛኛው በእጅ ነው፤ እርግማኑ ግን ያው የደሴው የሆጤ ሜዳ እርግማን ነው። ጄሪ ጆንስ ቡድኑን በፈረንጆች 1989 ገዛው፤ ወዲያውም 29 የውድድር ዘመን ያሠለጠነውን ቶም ላንድሪን አሰናበተ። ባለቤቱ እሱ፣ ፕሬዚዳንቱ እሱ፣ ተጫዋች የሚያስመጣውና የሚሸኘው ጄኔራል ማናጀርም እሱ። በሌላ ቡድን ጄኔራል ማናጀሩ ሲያበላሽ ባለቤቱ ያባርረዋል። እዚህ ማን ማንን ያባርር? ደጋፊውን የሚያንገበግበው ይህ ነው።

ነሐሴ 22፣ ውድድሩ ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ማይካ ፓርሰንስን ግሪን ቤይ ለሚባል ቡድን ሰጠው። የባላጋራን ኳስ ወርዋሪ እያሳደደ የሚጥል ልጅ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው በየቡድኑ አይገኝም። በምትኩ የተቀበለው ኬኒ ክላርክ የሚባል ተጫዋችና ሁለት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ነው። ምርጫ የሚሉት ቡድኖች በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ልጆች በተራ የሚወስዱበት መብት ነው፤ በፈረንጆች አንዱ የ2026፣ ሌላው የ2027። "በእጁ ያለውን ሰጥቶ ስሙን የማያውቀውን ተቀበለ" እያሉ አነጉ። ግሪን ቤይ ለፓርሰንስ የአራት ዓመት የ188 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመለት። መስከረም 18 ልጁ በባላጋራ ማሊያ ዳላስ መጣና 40 ለ 40 ተለያዩ። አቻ መውጣት እዚህ ብርቅ ነው። ሁለቱም ወገን "አላልኩም?" ለማለት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ለማንም አልሆነም።

ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ብቻ ለጄሪ ይከራከራል። በ1989 ኸርሸል ዎከርን ለሚኒሶታ ሲሰጥም አብዷል ብላችሁ ነበር ይላቸዋል፤ በዚያ ልውውጥ ከተገኙት ምርጫዎች የተገነባው ቡድን ግን ዋንጫ በዋንጫ ሆነ። እውነቱን ነው። "የመጨረሻውን ዋንጫ ካነሳንበት ከ1996 ወዲህስ?" ሲሉት ግን ሻይውን ይጠጣል።

እንግዲህ እኔን ከዚህ ሰው ጋር ነው ያመሳሰልከኝ። ለምን? አጎታችን ከሱቁ ይነሳ ስላልኩ፣ የዘሃራን እጮኛ ማንነት ስለጠየቅሁ፣ አባባ አዲስ አበባ ሄዶ ይታይ ስላልኩ። ገንዘብ ላኪው እሱ፣ ሿሚ ሻሪውም እሱ ማለትህ ነው። ግን አስበው ሰይድ፤ ጄሪ ጆንስ በገዛ ስታዲየሙ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጦ ልጆቹን በዓይኑ ያያል። እኔ ምን አያለሁ? አንተ ካሜራውን ያዞርክበትን ብቻ። ባለፈው አባባን ስታሳየኝ ከወገቡ በላይ ነበር። እግሩን አሳየኝ ስልህ "ኔትወርኩ" አልክና ተቋረጠ። ኔትወርኩ ፊቱ ላይ ሲሆን ደህና፣ እግሩ ላይ ሲደርስ የሚጠፋው ለምንድን ነው?

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የእግር ቁስል ቀልድ አይደለም። ነርቩ ስለሚደነዝዝ አያመኝም ይላል፤ አያመኝም ማለቱ ነው የሚያስፈራው። እግሩን በየማታው አንተ ራስህ እይለት፣ ጣቶቹንም መሐል ለመሐል። በባዶ እግሩ ወደ ግቢ እንዳይወጣ። የስኳር መለኪያውን በመንገደኛ ልኬአለሁ፤ በየጠዋቱ ቁርስ ሳይቀምስ ለካውና ቁጥሩን ጻፍልኝ።

እኔን ማመሳሰል ካማረህ ከደጋፊው ጋር አመሳስለኝ። ደጋፊ ይከፍላል፣ ይጮኻል፣ የሚሰማው የለም። አባባ ሆጤ ላይ "ያንን ልጅ ለምን ያስወጡታል!" እያለ ከጎረቤቱ ጋር ተጣልቶ ድምፁ ተዘግቶ ሲመለስ ታስታውሳለህ? በ2009 ጥር የወልዲያው ስታዲየም ሲመረቅ ተጭነን ስንሄድም ገና መርሳ ሳንደርስ አሰላለፍ አውጥቶ ጨርሶ ነበር። ማን ሰማው? እኔ የእሱ ልጅ ነኝ።

ስለ እኔ አትጨነቁ። ሥራው ቀላል ነው፣ ተቀምጦ ነው። ጉልበቴን ትንሽ የሚያመኝ የቅዳሜና እሁዱ ሥራ ነው፤ እሱን ለእናታችን እንዳትነግራት። ዳላስ ሜዳ ነው። ጠዋት ስወጣ ዓይኔ ተራራ ይፈልጋል፤ ጦሳን የሚያህል ይቅርና ጉብታም የለም። እናታችን ሐሙስ ወዳጃው ላይ፣ ዱዓው ሲደረግ ስሜን ታነሳለች ወይ? አሚን የሚሉት እነማን ናቸው? ከጎረቤት የሞተ ካለም አትደብቁኝ።

ዘሃራ ሙሽራ ትሆናለች ብሎ ማሰብ ይከብደኛል። ስለያት ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ በጭቃው እየሮጠች ወደ ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት የምትሄድ ልጅ ነበረች። ልጁን ደውዬለታለሁ፤ አልነገረችህ ይሆናል። ልፈትነው ነበር የደወልኩት፤ ኮምቦልቻ ያለውን ሥራውን፣ ቤተሰቡን፣ ሁሉንም ልጠይቀው። ገና አፌን ስከፍት "አብሽር ወንድሜ፣ አንተ ብቻ ጤና ሁን" አለኝ። ከዚያ በኋላ የምጠይቀው ጠፋኝ። ወደድኩት መሰለኝ። ወረቀቴ ገና ስለሆነ ለኒካሁ አልደርስም። ከአባባ ቀጥሎ ያለው ቦታ የእኔ ነበር፤ አጎታችን ይቀመጥበት። ሱቁ ሌላ፣ ኒካሁ ሌላ ነው። የሠርጉን ቪዲዮ ሙሉውን ላክልኝ፣ የሴቶቹን ጭፈራ እንዳትቆርጠው።

አሁን የላክሁት 1,000 ዶላር ለዘሃራ ልብስና ለድግሱ ነው፣ ለሱቁ ዕዳ አይውልም። ይኸው እንደገና ጄሪ ጆንስ ትለኝ ይሆናል። በል። የሱቁን የሂሳብ ደብተርም ገጽ በገጽ ፎቶ አንስተህ እንድትልክልኝ ያልኩትን አልተውም። ከእሱ በፊት ግን የአባባን እግር አሳየኝ፣ ካልሲውን አውልቆ።

ታላቅ ወንድምህ
ኡመር