አባባ፣ ስለ ውሻው ጉዳይ

አሰላሙ ዓለይኩም አባባ፤ ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? የጎረቤታችንን ውሻ ፎቶ ካዩ ወዲህ «እንደዚህ ያለ አምጪልኝ» ይላሉ አሉ።

ግሬይሀውንድ ይባላል። እዚህ አየርላንድ ለውድድር ይሮጥና ገና ጎልማሳ ሳለ ጡረታ ወጥቶ ለሰው ይሰጣል። ጠባዩ ገር ነው፣ ቀኑን ሲተኛ ይውላል። ለደሴ ግን አይሆንም። ጸጉሩ ስስ፣ ስቡ ትንሽ ስለሆነ የጦሳ ተራራን ብርድ ደጅ አድሮ አይችለውም፤ እርስዎ ደግሞ በሚሰግዱበት ቤት ውሻ አያስገቡም። ለሌባም ጭራውን የሚቆላ ነው። ድመት ካየ ግን በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈተለካል፣ አንገቱም ከራሱ ስለሚወፍር ከተራ ማሰሪያ ሾልኮ ይወጣል። 30 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ገመዱን ሲመነጭቅ ያዡን ይጥላል። ደረጃው ላይ የሆነውን እርስዎ ባይነግሩኝም ሰምቻለሁ።

የአገራችን ውሻ ይበቃል። እናቲቱን አስቀድመው ይዩ፤ እንግዳ ሲገባ ጮሃ፣ ባለቤቷ ሲያዛት ዝም የምትል ትሁን። ቡችላው ስምንት ሳምንት ሳይሞላው አይውሰዱት። ጥግ የሚሸሸገውን ይተዉት፣ ቀርቦ የሚያሸትዎትን ይያዙ። ሆዱ ከተነፋ ብዙ ጊዜ ወስፋት ነው፣ መድኃኒት ይፈልጋል። ሦስት ወር ሲሆነው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ ከዚያ በየጊዜው ማደስ ነው። ቢነክስዎ ቁስሉን ወዲያው ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ ይጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ «ጭረት ናት» ብለው እንዳይቀመጡ፣ የባህል መድኃኒት ፍለጋም እንዳይዞሩ።

ለአረፋ በግ ሲታረድ ጥሬ ሳንባና ጉበት አይጣልለት። በላያቸው ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካለ ውሻው ሆድ ገብቶ ትል ይሆናል፣ የትሉ እንቁላል ደግሞ ከዓይነ ምድሩ ወደ ሰው ይተላለፋል። እንዲህ ያለውን አርቀው ይቅበሩት።

ቀን ሙሉም አይታሰር። ሁልጊዜ የታሰረ ውሻ ወዳጅና ጠላት አይለይም፤ የድሮው ውሻችን ቡቺም ዘሩ ከፍቶ አልነበረም። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ለማን እንደሰጡት እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። ይሁን።

ሀያት ሁለት ጥርሷ ወልቋል፣ «ለአባባ አሳዩልኝ» ትላለች።

አባባ፣ ውሻ ይጮሃል እንጂ የወደቀ ሰው አያነሳም። የእህቴ ልጅ ማታ ማታ እርስዎ ዘንድ እንዲያድር ተነጋግረናል፤ እባክዎ እምቢ አይበሉ። የውሻውን ቤት እሱ ይሥራው፦ ወለሉ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፣ በሩ ንፋሱ ከሚመጣበት በተቃራኒ ይዙር። የቆርቆሮና የእንጨቱን ገንዘብ ዓርብ እልካለሁ።